የብርቱካን ልጣጭ፣ የቀረፋና የቅርንፉድ ሻይ፦ ከአንቲኦክሲዳንቱ ሲኒ ውስጥ የሚደርሰው ስንቱ ነው?

ሰፌድ · ደብረ ብርሃን · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለቤቱ። ብርቱካን ከቆላ በጭነት በሚወጣበት ሰሞን ልጣጩ በየጁስ ቤቱ ደጃፍ በማዳበሪያ ሞልቶ ይጣላል። አድርቆ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከዝንጅብል ጋር ሻይ ማድረግ እንደሚቻል ሁሉም ያውቃል። «በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» (በኦክሲጅን መበላሸትን የሚከላከል ንጥረ ነገር የሞላበት) የሚለውም ከማሸጊያ ላይ አይጠፋም። የሚጠፋው ልኩ ነው። ስንት ግራም በስንት ውሃ፣ ስንት ደቂቃ? የሚሰጣው ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ውስጥ? ነጩ ክፍል ይፋቅ ወይስ አብሮ ይድረቅ? ጦስኝ ቢገባበትስ? የሚያውቅ በግራምና በደቂቃ ይጻፍልን። «ለጤና ተስማሚ ነው» የሚለውን ማሸጊያው ብሎታል።

የቀወት ቆላ · ሸዋ ሮቢት · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡45

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከልጣጩ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ተከምሮ ያደረ የጁስ ቤት ልጣጭ ለሻይ አይሆንም። ጭማቂ ስለነካው በአንድ ሌሊት እርሾና ሻጋታ ይነሣበታል። ካደረ በኋላ ማጠብ ሽታውን ያጠፋ ይሆናል እንጂ ሻጋታው የተወውን መርዝ አያወጣም። መታጠብ ያለበት ፍሬው ነው፣ ሳይላጥ። 1 ሊትር ውሃ ላይ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ (ልክ ልክ ያሉ 2 የሻይ ማንኪያ)፣ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በእጅ ማሸት፣ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። ከውጭ የሚመጣው የሚያብረቀርቀው ብርቱካን ሰም የተቀባ ነው። ከሰሙ ጋር እንደ ኢማዛሊልና ታያቤንዳዞል ያሉ የሻጋታ መከላከያዎች ይገባሉ። ሶዳው ላይ ላዩን ያለውን ይቀንሳል፣ ወደ ውስጥ የዘለቀውን ግን አይደርስበትም። ስለዚህ ለልጣጭ የአገር ውስጡ ይሻላል።

የአገር ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ቢታያችሁ «ጥሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቆላ ላይ ሌሊቱ ስለማይበርድ ልጣጩ አረንጓዴነቱን አይለቅም እንጂ ውስጡ በስሏል። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን፣ የላላውንና የቆሰለውን ግን ከነጭራሹ ጣሉት።

አቆራረጡ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀጭን ሰንበር ነው። እንዳለ በትልቁ ከተሰጣ ዳሩ ሲደርቅ መሃሉ እርጥብ ይቀርና ማሰሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ይሻግታል። መድረቁን በእጅ ስሜት ሳይሆን በሚዛን እወቁት። ትኩስ ልጣጭ ከመቶ 72 ገደማ ውሃ ነው። 1 ኪሎ ልጣጭ ውስጥ 280 ግራም ደረቅ ነገር አለ ማለት ነው። እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ጠቅላላው ክብደት 310 ግራም አካባቢ ይሆናል። 400 ላይ ቆሞ «ደርቋል» የሚል ሰው ሻጋታ እያጠራቀመ ነው።

ሰፌድ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡02

በጣም ጥሩ። ፀሐይና ጥላውስ? የኅዳር ፀሐይ ደብረ ብርሃን ላይ ያቃጥላል፣ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነው።

የጣርማበር ጉም · ደብረ ሲና · ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጣጩ ፀሐዩን ሳያይ ሙቀቱን ያግኝ። ብርሃኑ ቀለሙንና ከቫይታሚን ሲ የተረፈውን ይበላል፣ ዘይቱንም ያተናል። የበጋ አየር ደብረ ብርሃን ላይ ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ ብርዱ አያሳስብህ። ውሃውን የሚወስደው ሙቀት ብቻ አይደለም፣ ደረቅ ነፋስም ይወስዳል። ሰፌድ ወይም የሽቦ ወንፊት ላይ በአንድ ረድፍ ሳይደራረብ ዘርጋው። ላዩን በነጠላ ወይም በስስ ጨርቅ ሸፍነህ፣ ሥሩም አየር እንዲያገኝ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ አቆየው። ቀን ሁለት ጊዜ ማገላበጥ፣ አመሻሽ ላይ ማስገባት። ውርጭና ጤዛ የሚመልሱት እርጥበት የቀኑን ድካም ያጠፋዋል። ማታ ውጪ ያደረ ሰፌድ የቡኒ ቀለም ምንጭ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጣርማበር ላይ ከቆላው የሚወጣው ጉም ሲያለብስ አየሩ ውሃ ስለሚጠግብ ልጣጭ ሳምንት ቢሰጣ ይለሰልሳል እንጂ አይደርቅም። ጉም በበዛበት ቀን ሙከራውን ትቶ ሳጥን መሥራት ይሻላል። ውስጡ ጥቁር የተቀባ የእንጨት ሳጥን፣ ላዩ ላይ የተወጠረ ላስቲክ፣ ከሥር ሦስት አራት የአየር ቀዳዳ፣ ከላይ ከኋላ በኩል መውጫ። መውጫው ካልሰፋ እንፋሎቱ ላስቲኩ ላይ ጠል ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ልጣጩን ከላስቲኩ የሚለይ አንድ ጨርቅ ዘርጋበት፤ ብርሃኑ ቀርቶ ሙቀቱ ብቻ ይደርሰዋል። ቴርሞሜትር ከ60 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ካለፈ መውጫውን ማስፋት።

ኦቨን ያለው ከ50 እስከ 55 ዲግሪ፣ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጎ። ብዙ የቤት ኦቨን ከ100 በታች አይወርድም። እንዲህ ያለውን ለልጣጭ አለመጠቀም ይሻላል፣ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ያመጣል።

የቀወት ቆላ · ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2፡15

ከጣርማበር ጋር እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ደረቀ ተብሎ ወዲያው አይታሸግም። ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ሞልታችሁ ክደኑት፣ በየቀኑ እየናጣችሁ አንድ ሳምንት አቆዩት። ክዳኑ ሥር ጠል ከታየ እንደገና ወደ ሰፌድ። ሲሰበር «ቀጭ» ማለት አለበት፣ ቢታጠፍ ገና ነው።

ሁሉም ልጣጭ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የፖምና የማንጎ ልጣጭ እንደተላጠ ወዲያው ይጠቁራል፤ ኢንዛይሙ ፖሊፌኖሉን (ከአንቲኦክሲዳንቶቹ ዋናውን ክፍል) ወደ ቡኒ ቀለም እየለወጠ ነው። እነዚህን ከማድረቅ በፊት በእንፋሎት 3 ደቂቃ ማስመታት ኢንዛይሙን ያስቆመዋል። ደጋ ላይ እንፋሎቱም ስለማይግል 4 ደቂቃ ይሁን። ውሃ ውስጥ ማፍላት ግን ልናተርፈው የምንሻውን ወደ ውሃው ያወርዳል። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ እንዲህ ያለ ችግር እምብዛም የለበትም፣ በቀጥታ ይሰጣል።

ላብ 517 · ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡20

«በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» የሚለውን ማንም ሰው ቁጥር ይዞ እንዲጠይቅበት ትንሽ ልዘርዝር።

የብርቱካን ልጣጭ ዋና ፍላቮኖይድ (አንድ የፖሊፌኖል ዓይነት) ሄስፐሪዲን ነው፣ ናሪሩቲንም አለበት። በውጪው ቢጫ ክፍል ዘይት ውስጥ ደግሞ እንደ ኖቢሌቲንና ታንጄሬቲን ያሉ ፖሊሜቶክሲፍላቮኖች ይገኛሉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሄስፐሪዲን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ሻዩ ሲቀዘቅዝም ከሟሟው ከፊሉ ይዘቅጣል። የዘይቱ ክፍሎችም ውሃ አይወዱም። ስለዚህ ጥናት ላይ ልጣጩ በሜታኖል ወይም በኢታኖል ተነክሮ የተገኘ ቁጥር ሲኒ ውስጥ ያለውን አይናገርም። ሻይ የሚጠጣ ሰው ሜታኖል አይጠጣም።

ነጩ ክፍል ይፋቅ ላላችሁት፦ ሄስፐሪዲን በብዛት ያለው እዚያ ነው። ከቢጫው ጋር ብቻ የሚቀረው መዓዛና ዘይት ነው። ታዲያ መራራነቱስ? ሄስፐሪዲን ራሱ ጣዕም የለውም። የብርቱካን መራራ ከሊሞኒን ይመጣል፤ የግሬፕፍሩት ደግሞ ከናሪንጂን። «የመረረ ሻይ አንቲኦክሲዳንቱ በዛ» የሚለው አባባል መሠረት የለውም። ግማሹን ነጭ ፍቆ ግማሹን መተው በቂ ነው። ሙሉው ከተተወ ሙጫ መሰሉ ፔክቲን ሻዩን ያወፍረዋል፣ በወንፊት ለማጥለልም ያስቸግራል።

ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎች፦ ዲፒፒኤች ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፍሪ ራዲካል ነው። 3.94 ሚሊ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ሲሟሟ 0.1 ሚሊ ሞላር ይሆናል። እኩል መጠን ከናሙናው ጋር ቀላቅሎ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ 517 ናኖሜትር ላይ ንባብ። ቀለሙ ወደ ቢጫ በሄደ ቁጥር ናሙናው ራዲካሉን እያጠፋው ነው። መቶኛው የባዶው (ናሙና የሌለበት ዲፒፒኤች) ንባብ ሲቀነስ የናሙናው፣ ለባዶው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ።

ውጤት የሚያበላሸው ይኸ ነው። የልጣጭ ሻይ ሜታኖል ላይ ሲፈስ ፔክቲኑ ይጠጥርና ያደፈርሳል። ብርሃኑን ስለሚዘጋ መሣሪያው «ገና ወይን ጠጅ ነው» ብሎ ያነበዋል፣ ናሙናው ደካማ ይመስላል። መጀመሪያ በሴንትሪፉጅ ወይም በጥሩ ማጣሪያ ወረቀት ማጥራት፣ ከዚያም ዲፒፒኤች የሌለበት የናሙናውን ባዶ ለብቻው አንብቦ መቀነስ ያስፈልጋል። የከርከዴና የእርድ ሻይ ቀለምም በዚሁ መንገድ ካልተቀነሰ ያሳስታል። ፎሊን-ቾካልቱ የሚባለው የጠቅላላ ፌኖል መለኪያ (765 ናኖሜትር ላይ፣ በጋሊክ አሲድ ልክ የሚሰላው) ደግሞ ቫይታሚን ሲንም፣ ስኳር ሲበዛም «ፌኖል ነው» ብሎ ይቆጥራል። ስኳር የተጨመረበት ሻይ ላይ መለካት ከንቱ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ፦ ቁጥሩ በምን እንደተሰላ ካልተጻፈ አትመኑት። በትኩስ ክብደት ነው በደረቅ? በግራም ልጣጭ ነው በሲኒ? አይሲ 50 (ራዲካሉን በግማሽ ለማጥፋት የሚያስፈልገው መጠን) በማይክሮ ግራም የተጻፈውን በሚሊ ግራም ከተጻፈው ጋር ሳያስተካክሉ ማወዳደር የተማሪ መመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ሞልቷል።

ሰፌድ · ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡55

ላብ 517፣ እንግዲህ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ሰውነት ውስጥም ያንኑ ያህል ይሠራል ማለት ነው?

ላብ 517 · ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡20

አይደለም። ሄስፐሪዲን ትንሹ አንጀት ውስጥ ብዙም አይወሰድም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ከላዩ ያነሡታል፣ ከዚያ ነው ጥቂቱ ወደ ደም የሚገባው፣ እሱም መልኩን ለውጦ። የሮማን ልጣጩ ፑኒካላጂንም እንዲሁ ነው፤ ወደ ኤላጂክ አሲድ፣ ከዚያም ወደ ዩሮሊቲን ይለወጣል። ይኸን የሚያደርገው ባክቴሪያ ሁሉም ሰው አንጀት ውስጥ የለም። ቱቦ ውስጥ የታየው ራዲካል ማጥፋት ደም ውስጥ ይደገማል ማለት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን ኦራክ የሚባለውን የአንቲኦክሲዳንት ቁጥር የያዘውን ሰንጠረዥ በ2012 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ ያነሣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነጋዴ ለማስታወቂያ ያውለው ነበርና። የልጣጭ ሻይ ጥሩ መጠጥ ነው፣ ስኳር ያለበትን ለስላሳ ቢተካ ትርፉ ግልጽ ነው። መድኃኒት ነው ግን አትበሉ።

የአንኮበር መንገድ · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

አፈላሉ አልተነካም። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ወደ 96 ይደርሳል። ከቆላ የመጣ «10 ደቂቃ አፍላ» የሚል ልክ ደጋ ላይ 15 ደቂቃ መሆን አለበት፣ በተለይ ለቀረፋና ለዝንጅብል።

ለ1 ሊትር ውሃ የሚሆነው ልክ ይኸ ነው፤ ዘወር ብሎ የሚያስተካክል ያስተካክለው። 3 ግራም ቀረፋ (5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የተሰባበረ)፣ 10 ግራም እርጥብ ዝንጅብል ከነልጣጩ ታጥቦ የተቀጠቀጠ፣ 6 ግራም ደረቅ የብርቱካን ልጣጭ፣ 4 ፍሬ ቅርንፉድ፣ 2 ኮረሪማ ተሰብሮ ፍሬው ብቻ። ቀረፋና ዝንጅብሉን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሮ ማስፈላት፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን አውርዶ በዝግታ 12 ደቂቃ። ልጣጩን ጨምሮ ሌላ 5 ደቂቃ። አውርዶ ቅርንፉዱን ወቅጦ፣ ኮረሪማውንም ጨምሮ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ 6 ደቂቃ ማቆየት። ማጥለል።

ለምን በዚህ ቅደም ተከተል? የሚተነውን መጨረሻ ላይ ለማስገባት ነው። ከጀበና አፍ የሚወጣው ደስ የሚል ሽታ ከሲኒው የጎደለ ነው። ልጣጩን ከመጀመሪያው ጀምሮ 20 ደቂቃ ካፈላችሁት መዓዛው ጣሪያ ላይ ይቀራል፣ ሊሞኒኑና ፔክቲኑ ብቻ ይበዛላችኋል።

ዕቃው ነገር አለው። ብረት ድስትና የተላጠ አሉሚኒየም አይሁን። ታኒን (አፍ የሚያደርቀው ፖሊፌኖል) ከብረት ጋር ሲገናኝ ሻዩን እንደ ቀለም ያጠቁረዋል፤ የሮማን ልጣጭ ሲሆን ወዲያው ነው የሚታየው። ጀበና፣ ኢናሜል ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

የጣርማበር ጉም · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡25

4 ቅርንፉድ ለ1 ሊትር ጥቂት አይደለም? የቅመሞች ሁሉ ፌኖል ንጉሥ ቅርንፉድ ነው እየተባለ።

የአንኮበር መንገድ · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡50

ንጉሥነቱን አልክድም። ከክብደቱ 15 እስከ 20 በመቶ ዘይት ነው፣ ከዘይቱም አብዛኛው ዩጂኖል። ግን ዩጂኖል አፍን የሚያደነዝዘው የጥርስ ሐኪም መድኃኒት ነው። ከ6 ፍሬ በላይ ሲሆን የብርቱካኑ ጣዕም ይሞታል፣ ምላስም ይሰንፋል። ከመብዛቱ ይልቅ ጥራቱን ተመልከት። ዘይቱ የወጣለት ቅርንፉድ ገበያ ላይ አለ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለው፣ ጥሩው ይሰምጣል ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዘይቱ የተሟጠጠው ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል። በጥፍር ሲጫን ዘይት ካላላበው አትግዛው። የተፈጨ ቅመም ደግሞ በጭራሽ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

መንዝ ጦስኝ · መሐል ሜዳ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8፡15

ጦስኝ ቢገባበት ላልሽው ወይም ላልከው፦ ይገባል፣ ግን በልክ። የሸዋ ደጋ ጦስኝ ዘይቱ ካርቫክሮልና ታይሞል ነው። ሁለቱም ራሳቸው ፌኖል ስለሆኑ ኦክሲጅንን በመከላከል ጎበዞች ናቸው፤ የሚተኑ ስለሆኑ ግን አይፈላባቸውም። ለ1 ሊትር 2 ግራም ደረቅ ቅጠል (ልክ ያለ 1 የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ ከወረደ በኋላ፣ ተከድኖ 5 ደቂቃ። ከልጣጭ ጋር ጣዕሙ ይስማማል። ከቅርንፉድ ጋር ግን ይጣላሉ፤ ሁለቱም አፍ የሚይዙ ስለሆኑ ጦስኝ ሲገባ ቅርንፉዱ ወደ 2 ይውረድ።

ገበያ ላይ ከነሥሩ ተነቅሎ የሚሸጠው ጦስኝ ላይ አፈርና ድንጋይ አብሮ ይመዘናል፣ ሣሩም አይተካም። የምትገዙት ከላይ የታጨደውን፣ ቅጠሉ ግራጫ አረንጓዴ የሆነውን። ቡናማ ከሆነ ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። ለራሳችሁ የምትቆርጡ ከላይ ሲሶውን ብቻ በመቀስ፣ ግንዱን ተዉት፣ ከርሞ ያበቅላል።

ሰፌድ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8፡40

«ላልሽው» ነው፣ እናመሰግናለን። ሮማንና እርድስ?

ላብ 517 · ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1፡10

እህት ሰፌድ፣ የሮማን ልጣጭ ከብርቱካኑ በፌኖል እጅግ ይበልጣል፣ ግን አፍ የሚያደርቅ ነው። 200 ሚሊ ሊትር ላይ 1 ግራም ይበቃል። ሲበዛ ሆድ ያደርቃል። ጉልበተኛ ስለሆነ ከብርቱካን ጋር ሲቀላቀል 1 እጅ ሮማን ለ4 እጅ ብርቱካን።

እርድ ለሻይ የሚሰጠው ቀለሙን ነው። ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ሲኒው ሥር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እርድ ያለበት ቦታው ወጥ ነው፣ ቅባቱና ቁንዶ በርበሬው እዚያ ስላለ። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፔሪን ኩርኩሚን በጉበት ቶሎ እንዳይወገድ ያግዘዋል።

ዝንጅብልን ደረቅ ወይስ እርጥብ የሚል አይቀርም። እርጥቡ ውስጥ ጂንጀሮል ነው፣ ሲደርቅ ወይም ሲፈላ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል። ሾጋኦል ይበልጥ ያቃጥላል። ደረቅ ዝንጅብል የሚጠቀም ከ10 ግራሙ ወደ 2 ግራም ይውረድ።

ፋርማሲ ጎን · ደብረ ብርሃን · ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 2፡05

ከመጠጣቱ በፊት የሚታወቅ አለ፣ ቶሎ ቶሎ ልጻፈው።

ቀረፋ። ገበያችን ላይ ወፍራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠቀለለ ልጣጭ ከሆነ ካሲያ ነው። ስስ ስስ ልጣጭ እርስ በርሱ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለው የሲሎን ቀረፋ ነው። ካሲያ ኩማሪን አለበት፣ በየቀኑ ከበዛ ጉበትን የሚጎዳ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው የዕለት ጣሪያ በኪሎ ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊ ግራም ይሆናል። በአንድ ግራም ካሲያ ውስጥ በአማካይ 3 ሚሊ ግራም ቢገኝ፣ 2 ግራሙ ጣሪያውን ይሞላል። አንኮበር መንገድ የጻፉት ልክ ለ4 ሰው ቢካፈል ችግር የለውም፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊትሩን በየቀኑ ከጠጣ ግን ያልፋል። ለሕፃን ደግሞ በኪሎው ይሰላ።

ብረት። ታኒን ያለው ሻይ ሁሉ ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ያስራል። ከምግብ ጋር አይጠጣ፣ ቢያንስ 1 ሰዓት ይለይ። ደም ማነስ ያለባት እናት ላይ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም።

መድኃኒት። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ዝንጅብልና ቀረፋ በየቀኑ ሲጀምር ሐኪሙን ይንገር። ግሬፕፍሩትና ኮምጣጤ የሚባለው መራራ ብርቱካን ልጣጫቸው ፉራኖኩማሪን ስላለበት እንደ ሲምቫስታቲን (ለኮሌስትሮል) እና ኒፈዲፒን (ለደም ግፊት) ያሉ መድኃኒቶች በደም ውስጥ እንዲጠራቀሙ ያደርጋል። ጣፋጩ ብርቱካን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ ፍሬውን ሳትለዩ ልጣጭ አትሰብስቡ።

ጤና አዳም። ቡና ላይ እንደሚጣለው አንድ ቅርንጫፍ ሳይሆን ለሻይ በእፍኝ የሚፈላ ከሆነ ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። ማንጎ ልጣጭ ደግሞ የማንጎ ወተት ቆዳውን ለሚያሳክከው ሰው አይሆንም።

የቀወት ቆላ · ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 2፡40

የማንጎው እውነት ነው። ሙጫው በደረቀ ልጣጭም አይጠፋም።

ሰፌድ · ኅዳር 12፣ ከቀኑ 7፡30

ላብራቶሪ የሌለው ሰው ያደረቀው ልጣጭ ደህና መሆኑንና አለመሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አለ? ለምሳሌ የጥላውንና የፀሐዩን ለማወዳደር።

ላብ 517 · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2፡00

ፍጹም አይደለም፣ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ከፋርማሲ የሚገዛ የአዮዲን ቲንክቸር 1 ሚሊ ሊትር በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥኚ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በአንድ ሲኒ ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ። ከሁለቱም ልጣጭ እኩል 2 ግራም በእኩል 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ እኩል ደቂቃ አፍልተሽ፣ አጥልለሽ አቀዝቅዢ። ከየሻዩ 10 ሚሊ ሊትር ላይ 5 ጠብታ ስታርች አድርጊና የቀጠነውን አዮዲን በጠብታ ቁጠሪ። ሰማያዊ ጥቁሩ ቀለም 15 ሰከንድ ሳይጠፋ ሲቆይ ቁጥሩን ጻፊ። ብዙ ጠብታ የበላው ሻይ የበለጠ የመከላከል አቅም አለው። ባዶ የፈላ ውሃንም ለዜሮ ለኪ። አዮዲኑ ቫይታሚን ሲን በቶሎ፣ ፖሊፌኖልን በቀስታ ስለሚያጠቃ መጨረሻው ትንሽ ይወላውላል፤ ሦስት ጊዜ ለክተሽ አማካዩን ውሰጂ። ከርከዴና ሮማን ላይ ቀለማቸው ስለሚያጭበረብር አይሠራም። የተለካው ሻይ አይጠጣም፣ ይደፋል።

የአንኮበር መንገድ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2፡35

ፔርሙዝ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የዋለ ሻይ እየጠቆረ የሚሄደው ፖሊፌኖሉ ከኦክሲጅን ጋር እየተዋጋ ስላለቀ ነው። የሚቆይ ከሆነ ከተጠለለ በኋላ ለሊትሩ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት፣ ያዘገየዋል። ሶዳ ግን የፈላ ሻይ ውስጥ እንዳይገባ፣ ያፈጥነዋል። ወተትም ፕሮቲኑ ፖሊፌኖሉን ስለሚይዝ ለዚህ ሻይ አይሆንም፣ በቅመሙም ያፈነግጣል።

ሰፌድ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡10

የደረቀውን ስንት ወር ማቆየት ይቻላል?

የቀወት ቆላ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡20

እንደ ሰንበሩ ሆኖ፣ ሳይፈጭ፣ በጠቆረ ብርጭቆ ወይም በተከደነ ጣሳ፣ ከምድጃው ርቆ፣ ከ8 እስከ 10 ወር። የተፈጨው ከ2 ወር በላይ አይቆይም። ፌስታል ውስጥ ያለው ደግሞ ክረምቱ ሲገባ እርጥበት ይስባል። ሐምሌ ላይ ያንኑ ማሰሮ ከፍታችሁ አንድ ሰንበር ስበሩ። «ቀጭ» ካላለ በምድጃው ጥግ ግማሽ ቀን ማሞቅ ነው።